ቁልቁለት ላይ የተጫነች ጀልባ

ጀልባዬ የተሠራችው ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከሐይቅ ይልቅ ለደመና በሚቀርብ አንድ ብየዳ ቤት ግቢ ነው። ከሰፈሩ መጥቶ ሳያያት የቀረ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንዱ «ኖኅ ሴት ሆና መጣች» ይላል፤ ሌላው «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ያልፋል። ከሌላ አገር መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ሰው በስልኩ ፎቶ አነሳትና፣ ጋፋት ላይ መድፍ መሠራቱን ሰምቻለሁ፣ መርከብ ግን አዲስ ነው አለኝ። እኔ ቀልድ አልወድም። ድሮ እወድ ነበር፤ ሰባት ዓመት የሰው ቤት ሲያገለግሉ ቀልድ ከሰው ውስጥ ተሟጦ ያልቃል። ለሁሉም የምሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ እናንተ ዋና ተማሩ እላቸዋለሁ።

ነገሩ ለእኔ የቀልድ አልነበረም። ከአረብ አገር ስመለስ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ የሰው ቤት በር ዳግመኛ አልረግጥም ብዬ ምያለሁ። የነበርኩበት ቤት እመቤት እጇ ፈጣን ነው፤ ጫማም ይሁን ድስት ያገኘችውን ታነሳለች። በመጀመሪያው ዓመት የባሌን ሸሚዝ አቃጠልሽ ብላ የጋለውን ካውያ ክንዴ ላይ አስቀመጠችና ጮክ ብላ እየቆጠረች ያዘችው። ገና ቋንቋቸውን አላውቅም ነበር። ስንት ላይ እንዳቆመች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወንድሜ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። ታላቄ ነው፤ ሚስትና ልጆች አሉት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከእኔ በሚላክ ነገር መኖር የለመደ ሰው ነው። ግቢው ውስጥ የምትቆመው ሰባት ሰው የምትጭን ትልቅ የቤት መኪና የተገዛችው እኔ በላክሁት ነው፤ የተመዘገበችው በእሱ ስም ነው። መጥቼ ድካሜ እንኳ ሳይወጣልኝ ደላላ አነጋግሮ እዚያው አረብ አገር የምሠራበት ሌላ ቤት አፈላለገልኝ። ተጣላን። አንድ ቀን ሳህን ወረወርኩበት፤ ጆሮውን ስቶ ግድግዳው ላይ ተሰበረ። በመጨረሻ አባታችን ከጉና ወርደው መሃላችን ተቀመጡና ቃል አስገቡን። ጀልባዋ ክረምት ሳይገባ ሐይቅ ከገባች እቀራለሁ። ዝናቡ ቀድሞኝ ከሐሙሲት ወደ ሐይቁ የሚወርደው የአፈር መንገድ ከተዘጋ እሄዳለሁ። እሺ አልኩ። አባቴ ፊት የተገባ ቃል ስለሆነ መመለሻ አልነበረውም።

የጀልባውን ሐሳብ ያመጣሁት ከዚያው ከጠላሁት አገር ነው። ዓርብ ዓርብ ያ ቤተሰብ ጀልባውን ከትልቁ የቤት መኪና ኋላ አስሮ ባሕር ይወርዳል፤ እኔም ልጆቹን ልጠብቅ እጫናለሁ። ከመነሳታችን በፊት የቤቱ ጌታ ተሳቢው ከመኪናው ጋር የሚያያዝበትን አንገት በእጁ ያነሳዋል። በቀላሉ ከተነሳለት ይቆጣል። ያን ጊዜ ውሃውን፣ በረዶውን፣ የነዳጁን ጀሪካን ወደ ጀልባዋ አፍንጫ የምገፋው እኔ ነበርኩ። ጅራቱ ከከበደ ተሳቢው መኪናውን ይዞት ይዞራል ይል ነበር። ፍጥነት ላይ ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረም ፍሬን አይያዝም፤ እግርን ከነዳጅ አንስቶ መጠበቅ ብቻ ነው ይል ነበር። ለእኔ ብሎ አይደለም፤ ለልጆቹ ሲያስተምር ነው። ግን የቤት ሠራተኛም ጆሮ አላት። ሰባት ዓመት ሙሉ ከዚያ ቤት ያገኘሁት እውቀት ይሄው ነበር፤ ይሄንንም እንደ ስንቅ ይዤው መጣሁ።

ሐይቁ ዳር ያለው ሰው ገበያ ለመድረስ ዙሪያውን ሲኳትን ይውላል። ሰውና ጭነት ባሻግር እንጀራ እንደሚወጣኝ በደንብ አስቤበታለሁ። በያጁ ጎበዝ ነው፤ ከወፍራም ላሜራ ጀልባዋን፣ ከአሮጌ የጭነት መኪና አካል ደግሞ ተሳቢውን ሠራልኝ። ከወንድሜ መኪና ኋላም ተሳቢው የሚያያዝበት ጠንካራ ጋንቾ በየደበት። ያገለገለ ሞተር ከባሕር ዳር መጣ። የቀረን መንገዱ ነበር። መንገዱ በዚህ ዘመን አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ የሚሆነውን የሚያውቅ የለም። ደመናው በጉና በኩል እየወፈረ ሲመጣ ሌት እንቅልፍ አጣሁ። መንገዱ ተከፈተ በተባለ ማግስት፣ ማክሰኞ ጧት፣ ለመሄድ ተነሳን።

አባቴ ለጉዞው ብለው ከጉና ወርደው አድረው ነበር። አባቴ ዛሬ ገበሬ ናቸው፤ በጉልበታቸው ዘመን ግን የታወቁ ጫኝ ነበሩ። ገብስና ድንች በበቅሎ ጭነው ያንን የጉናን ቁልቁለት ስንት ዓመት ወርደውታል፤ አንድም በቅሎ ገደል አልገባባቸውም። ጭነት ላይ እሳቸው ከተናገሩ በኋላ በእኛ አገር የሚናገር የለም። ጀልባዋን ዞረው ዞረው አዩና መጫኛ ገመዱን ይዘው ትዕዛዝ መስጠት ጀመሩ። ሞተሩ እንደሆነ ከኋላ ታስሯል። ጀሪካኖቹን፣ የብረት ወንበሮቹን፣ መልሕቁን፣ ለገበያ የያዝነውን አራት ጆንያ ድንች ሁሉ እዚያው ወደ ኋላ አስገፉ።

«ቁልቁለት ነው የምንወርደው» አሉ። «ቁልቁለት ላይ ጭነት ወደ ኋላ ይታሰራል። አንገቱ ላይ የተጫነ እንስሳ ይደፋል።»

እኔም ተናገርኩ። መኪና በቅሎ አይደለም፣ አባዬ፣ ይስሙኝ፣ እዚያ ያየሁት እንዲህ ነው ብዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳኋቸው። አባቴ አልተቆጡም። እንደ ሕፃን ወሬ ሰምተው ሲያበቁ ገመዱን መሳብ ቀጠሉ። ለጀልባዋ ስንብት የመጣው ሰው አጥሩን ሞልቶ ያያል። ወንድሜ ሰው መኖሩን አየና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አረብ አገር ወለል ጠርገሽ መጣሽ እንጂ መኪና ነድተሽ መጣሽ?» አለኝ።

«አንተ የምትነዳት በጠረግሁት ወለል ነው» አልኩት።

በጥፊ መታኝ። በሙሉ እጁ ነው የመታኝ፤ ጆሮዬ ጮኸና አንድ ዓይኔ ጨለመ። በእጄ የጭነቱ ገመድ ጫፍ ነበር፤ ቋጠሮ አለው፤ እሱን ፊቱ ላይ አሳረፍኩበት። ከቅንድቡ ደም ወጣ። ፀጉሬን ያዘኝ፣ እኔ ክንዱን ነከስኩት። አባቴ ዱላቸውን አንስተው መሃላችን ሰነዘሩት፤ እኔን ትከሻዬን፣ እሱን ክርኑን አገኘን። ውሻ ይመስል አለያዩን። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ሥራችሁን ሥሩ አሉን። አጥሩ ላይ ያለው ሰው ይስቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ሳልደብቅ ልጻፈው። ተሳቢውን ከመኪናው ጋር ሲያያይዙ ቀርቤ አንገቱን በእጄ አነሳሁት። እንደ ሌማት ክዳን ብድግ አለልኝ። ያ የአረብ አገሩ ጌታዬ ቢያየው መኪናውን አያስነሳም ነበር። ወንድሜ ደሙን ሲጠርግ፣ አባቴ ቋጠሮ ሲያጠብቁ አላዩኝም። መልሼ አስቀመጥኩት። ጉንጬ ይግላል፣ ትከሻዬ ይግላል፤ በልቤ እስቲ እናየዋለን አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ግን እዚያው ነቀዘ።

ከከተማው እስክንወጣ ደህና ነበርን። አባቴ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይደግማሉ። ወንድሜ በአንድ እጁ ይነዳል፣ በሌላው ቅንድቡን በሶፍት ይጫናል። እኔ ከኋላ ወንበር ዞሬ ጀልባዋን አያለሁ። መንገድ ዳር ያለው ገበሬ ሁሉ ሥራውን አቁሞ ያየናል። ከአለም በር በላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር የጀልባዋ አፍንጫ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ሲል አየሁ። መጀመሪያ ነፋስ መሰለኝ። ቀጥሎ መኪናዋ ራሷ ከሥራችን ታወዛውዘን ጀመር።

«ፍሬን አትያዝ» አልኩ። «እግርህን ከነዳጅ አንሳና ተው።»

ያዘ። ማን ይሰማኛል፤ ያዘ። ከዚያ በኋላ የሆነው በየተራ የሆነ አይመስለኝም፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው የሆነው። ተሳቢው በግራ በኩል ከጎናችን መጣና ጀልባዬን በመስኮት አየኋት፤ ከኋላችን መሆን ሲገባት አጠገባችን ነበረች። መኪናዋ ተጠመዘዘች። የአባቴ ራስ ከበሩ ጋር ተጋጨ፤ ጸሎታቸው ተቋረጠ። ወንድሜ መሪውን እንደያዘ የሆነ ነገር ይጮሃል። ተሳቢው ተመልሶ ወደ ቀኝ ሲወረወር መንገድ ዳር አንድ ገበሬ፣ ቀንበር የተሸከመና ሁለት በሬ የሚነዳ፣ ቆሞ ነበር። የጀልባዋ ኋላ፣ ያ ሞተርና ብረትና ድንች የታጨቀበት፣ አንዱን በሬ ከጎኑ መታው። ድምፁን የሰማሁት በጆሮዬ ሳይሆን በወንበሩ በኩል በጀርባዬ ነው። ከዚያ ቦዩ ውስጥ ገብተን ቆምን።

ወጥቼ ያየሁት በሬውን ነው። የፊት እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደማይታጠፍበት ታጥፏል፤ ነጭ አጥንት ወጥቷል። ለመነሳት ይታገላል፣ በዚያው እግሩ ይቆማል፣ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ጩኸት ከበሬ ሰምቼ አላውቅም። ጓደኛው ትንሽ ሸሽቶ ቆሞ ያያል። ገበሬው ቀንበሩን ጣለና መጀመሪያ በሬው አጠገብ ተንበረከከ። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ «ኧረ ልጆቼ» አለ። የበጋ እርሻ ሳይሆን የክረምት እርሻ መግቢያ ነው፤ በሬው የሞተበት ሰው ዓመቱ ሞተበት ማለት ነው። ይሄን እኔ የገበሬ ልጅ ነኝና ማንም አያስረዳኝም።

ሰው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከማሳው፣ ከጎጆው፣ ከጫካው ዱላ ይዞ ወረደ። ወንድሜን ከመኪናው በኮቱ ጎትተው አወጡት። እሱም ይቅርታ ማለት ሲገባው መንገድ ላይ በሬ ማን ንዳ አለው አለ። ያቺ ቃል ከአፉ ሳታልቅ ዱላ ወረደበት። ዱላ ሥጋ ላይ ሲያርፍ እርጥብ እህል የሚወቃ ይመስላል። ራሱን በክንዱ ከለለ፤ ክንዱ ሲሰበር ሰማሁ። ጧት በጥፊ የመታኝን እጅ ነው የሰበሩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንዲት ቅጽበት ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያው ጮህኩ፤ ወንድሜ ነው፣ ትገሉታላችሁ ብዬ መሃል ገባሁ። አንዱ ዱላ ወገቤን አገኘው።

ገበሬው እነሱን አልተቀላቀለም። ተነሳ፣ ከወገቡ ምሳሩን አወጣና ወደ ጀልባዬ ሄደ። ጀልባዋ ተሳቢው ላይ ጋደል ብላ በአባቴ ገመድ ተንጠልጥላ ነበር፤ ገመዱ አልላላም፣ አባቴ ያሰሩት ነገር አይላላም። ምሳሩን ከራሱ በላይ አነሳና ጎኗን መታ። ላሜራው ተበሳ። ነቅሎ ደገመ። ሰውነቴ ሁሉ የዚያን ካውያ ሙቀት አስታወሰ፤ ጀልባዋ ከሄደች የምመለሰው ወደዚያ ነው። ወንድሜን ትቼ ሮጥኩ። ጀርባዬን ለላሜራው ሰጥቼ ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«እሷን ከሚመቱ እኔን ይምቱኝ» አልኩት።

ዓይኑ እኔን አያይም ነበር። ምሳሩን አነሳ። እኔም አልተንቀሳቀስኩም። ከጆሮዬ አጠገብ ላሜራው ላይ አሳረፈው፤ ፊቴን የብረት ፍንጣሪ ቆረጠኝ። ለአራተኛ ጊዜ ሲያነሳ ከኋላው ሰዉ ዝም አለ። ዞር ብሎ አየ። እኔም አየሁ።

አባቴ ድንጋይ ተሸክመው ይመጣሉ። ከቦዩ ጠርዝ ያነሱት ትልቅ ድንጋይ ነው፤ ሁለት ሰው የሚያነሳው። በማጅራታቸው ላይ አድርገው፣ ነጠላቸውን አዋርደው፣ ከግንባራቸው ደም እየፈሰሰ፣ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ ይመጣሉ። በእኛ አገር ጥፋተኛ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ እግር ሥር ሲወድቅ ዱላ ያነሳ ሁሉ ዱላውን ያወርዳል። አባቴ በዕድሜያቸው ስንት ሰው አስታርቀዋል፤ እሳቸው ራሳቸው ግን ድንጋይ ተሸክመው አያውቁም። ገበሬው እግር ሥር በጉልበታቸው ወረዱ።

«ልጆቼ አልበደሉህም» አሉት። «የጫንሁት እኔ ነኝ። ይቺ ልጄ ነግራኝ ነበር፤ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንሁ።»

ያን ያህል ሰው ባለበት ነው ያሉት። እኔ ይህን ለመስማት ሕይወቴን ሙሉ የጠበቅሁ ይመስለኝ ነበር። ስሰማው ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ያንን የተሳቢ አንገት በእጄ አንስቼ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝና።

ገበሬው ምሳሩን ጣለ። ድንጋዩን ከአባቴ ማጅራት ራሱ አወረደው። ከዚያ በሬው አጠገብ ሄዶ ሳይሞት ባርኩት አለ፤ እሱ መያዝ አልቻለም። ሰዎቹ ቀንዱን አጥምዘው አስተኙት፣ በስመ አብ ብለው አንገቱን አረዱት። ደሙ ቁልቁለቱን ይዞ በመኪናችን ጎማ ሥር አለፈ። ያ ጩኸት ሲቆም ወንድሜ ተቀምጦ የተሰበረ ክንዱን ታቅፎ እንደ ልጅ ሲያለቅስ ተሰማ።

ሽማግሌዎች እዚያው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ፍርዱ አጭር ነበር፤ በሬ ለበሬ። የሚያርስ በሬ እስኪመጣለት ጀልባዋ ከነተሳቢዋ በገበሬው ግቢ በመያዣ ትቀመጣለች። መኪናዋን ከቦዩ በሰው ጉልበት አወጡልን፣ አንድ ሹፌር ለምነን ወደ ደብረ ታቦር ተመለስን። አባቴ ወንድሜ ቤት ደጃፍ ላይ ወረዱና ውሃ እንኳ ሳይጠጡ በእግራቸው ወደ ጉና ሄዱ።

በማግስቱ ወንድሜ ክንዱ በጀሶ ታስሮ አጠገቤ ተቀመጠ። አልተሳደበም፤ ያ ነው ይበልጥ የከበደኝ። ደላላውን አነጋግሬዋለሁ፣ ቤቱ ተገኝቷል፣ ሄደሽ ከመጀመሪያው ደሞዝሽ በሬው ይገዛል፣ ከዚያ ጀልባሽን ታገኛለሽ አለኝ። ማታውን ዝናብ ጣለ። ሦስት ቀን ጣለ። የሐሙሲቱ መንገድ ተዘግቶ እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ገና አልተዘጋም፣ ከሳምንት በላይ ግን አይቆይም አሉኝ። በአራተኛው ቀን ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ልብሴን ማጠፍ ጀመርኩ። እያጠፍኩ ሳለ ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ ከዓመታት በኋላ ያሳክከኝ ጀመር።

ጀልባዋ ሐይቅ መግባቷን አሁኑኑ ልንገራችሁና ልባችሁ ይረፍ። በያጁ ቀዳዳዎቿን ደፍኖልኛል፤ ዕቃውን ሁሉ ወደ አፍንጫዋ ገፍቼ፣ የተሳቢውን አንገት በእጄ መዝኜ ወስጃታለሁ። ዛሬም እንጀራዬ እሷ ናት፣ አልሄድኩም። የምጽፈው በምን ዋጋ ከመያዣ እንደወጣች ነው።

በአምስተኛው ቀን ጧት በሩ ተንኳኳ። አባቴ ናቸው፤ ዳለቻውን በሬያቸውን ይዘው ቆመዋል። አባቴ ያላቸው ሁለት በሬ ነው። ዳለቻው ከእጃቸው ጨው ልሶ ያደገ፣ ሲጠሩት ከሩቅ የሚመጣ ነው። ወንድሜ በመስኮት አየና ወደ ጓዳ ገባ። እኔ ምን ያደርጋሉ፣ በምን ሊያርሱ ነው አልኳቸው። ባለ አንድ በሬ ፈልጌ እቀናጃለሁ አሉኝ። በዚያ ዕድሜ ከሰው በሬ ጋር ተቀናጅቶ አንድ ቀን ለራስ፣ አንድ ቀን ለሰው ማረስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ነጠላዬን ለብሼ ተከተልኳቸው።

ቁልቁለቱን ስንወርድ አልቻልኩም፤ ተናዘዝኩ። አባዬ፣ ተሳቢውን አንስቼ አይቼው ነበር፣ እንደሚያጋጨን አውቄ ነው እልኽ ይዞኝ ዝም ያልሁ አልኳቸው። ትንሽ ሄዱ። ዱላቸው ድንጋዩን ሲነካ ይሰማል።

«እኔም ልክ ሳትሆኚ አትቀሪም ብዬ ጠርጥሬ ነበር» አሉኝ። «ሰው ፊት በሴት ልጄ መታረም ከበደኝ።»

ገበሬው ግቢ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ገበሬው በሬውን ዳሰሰው፣ ጥርሱን አየ፣ በየት በኩል እንደሚጠመድ ጠየቀ። በቀኝ በኩል ነው፣ ጆሮው ሥር ብታክለት ይረጋልሃል አሉት አባቴ። ገመዱን ሰጡት። ጀልባሽን በመጣሽ ቀን ውሰጂ አለኝ ገበሬው፤ ዓይኑ ፊቴ ላይ ያለውን ቁስል ሲያይ ወደ መሬት አለ። ወጣን።

አጥሩን ሳናልፍ በሬው ገመዱን ነጥቆ ተከተለን። አባቴ ዞረው ተመለስ አሉት። ቆመ። ስንሄድ ደግሞ መጣ። ገበሬው ሮጦ ሊይዘው ሲል ቀንዱን አዞረበት። አባቴ ተውልኝ አሉና ዱላቸውን አነሱ። በሬው ዱላውን አይቶ አልሸሸም፤ ከእሳቸው ዱላ ቀምሶ አያውቅማ። ግንባሩ ላይ መቱት። ዓይኑን ጨፈነና ራሱን ዝቅ አድርጎ ወደ እሳቸው ቀረበ። እንደገና መቱት። አፍንጫው ላይ መቱት፣ ቀንዱ ሥር መቱት፣ ክንዳቸው የቻለውን ያህል መቱት። ከአፍንጫው ደም መጣ። እኔ ጆሮዬን ይዤ በቃ፣ በቃ እላለሁ፣ አይሰሙኝም። በስንተኛው እንደሆነ አላውቅም፤ በሬው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተራመደ። ሌላም ተራመደ። ከዚያ ዞሮ ወደ ገበሬው ግቢ ገባ።

አባቴ መንገዱ ላይ ቁጭ አሉ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ዱላው ጫፍ ላይ ያለውን ደም በሣር ይጠርጉ ነበር።

«በመጀመሪያው ዓመት ልመለስ ብለሽ እያለቀስሽ ስትደውዪ» አሉኝ፣ ሳያዩኝ፣ «ስልኩን የዘጋሁብሽም እንዲህ ነበር።»

ይቅር ብዬዎታለሁ ማለት ነበረብኝ። እጄን ሰጥቼ አነሳኋቸው፤ ዳገቱን አብረን ወጣነው። ዛሬ አባቴ ከሰው በሬ ጋር ተቀናጅተው ያርሳሉ፣ እኔም ከሐይቁ በወጣሁ ቁጥር ጉና ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። ያቺን ቃል ግን እስካሁን አላልኳቸውም።